ቀይዋ፣ አረንጓዴዋና ሙሽራዋ

ሴት ልጄ ልታገባ ስትል የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ቤተክርስቲያን ከአሮጌዎቹ መኪኖች በአንዷ ውሰዱኝ።" አሮጌዎቹ ማለት የእኔ አረንጓዴና የሚስቴ ወንድም ቀይ ናቸው። ሁለቱም እንግሊዝ ሠራሽ፣ ጣሪያቸው የሚገለጥ፣ ዕድሜያቸውም ከእኔ ብዙ ያላነሰ ነው። መቼም ሙሽራ የመውሰድን ክብር ማን ለማን ይለቃል!

ስድስት ሳምንት ተከራከርን። እውነቱን ልናገርና የእሱ ሞተር ይበልጣል። ነዳጅ ሲሰጣት ጀርባህ ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል። ባሌስትራዋ ግን ደረቅ ነው፤ ሳንቲም ብትረግጥ አንበሳው በየት በኩል እንደሆነ ወገብህ ይነግርሃል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ኩርባ ላይ ኋላዋ ይከዳል። የእኔዋ ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ ኩርባ ላይ ግን መሪዋን ነካ ሲያደርጉት ይበቃታል።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እዚሁ በምንኖርበት ሰው አገር፣ ብሩክሄቨን በሚባል ሰፈር አንድ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ፈተንናቸው። ዳኛዋ ሚስቴ ነበረች፤ ጭኗ ላይ ኬክ በካርቶን ይዛ በየተራ አጠገባችን ተቀመጠች። ከእኔ ጋር ኬኩ ደህና ነበር። ከወንድሟ ጋር ክሬሙ ካርቶኑ ክዳን ላይ ተለጠፈ።

"በቃ፣ በአረንጓዴዋ ትሄዳለች" ብላ ፈረደች። ልጄን የምወስዳት እኔ ነኝ! ሳምንቱን ሙሉ መኪናዋን ሳጥብ ከረምኩ።

የሰርጉ ዕለት ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ስኔልቪል ወደሚባለው ሰፈራችን፣ ቤታችን መጣ። ዘመዶች በወጉ በር ዘግተው ካስለመኑት በኋላ የልጄን እጅ ይዞ ወጣ። የደነገጥኩት ያኔ ነው። መኪናዋ ያላት ሁለት ወንበር ብቻ ነው! ፍጥነት ስናወዳድር፣ ኩርባ ስንፈትን፣ ከመካከላችን ወንበር የቆጠረ አልነበረም። ሙሽራና ሙሽሪትን ደግሞ ማን ይለያል? ቁልፉን ለሙሽራው ሰጠሁት።

ገባና ወደ እግሩ አጎንብሶ አየ። "ጋሼ፣ ሶሪ፣ ይሄ ሦስተኛው ፔዳል ምንድን ነው?"

ፍሪሲዮን የማያውቅ አማች ስለሰጠኝ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ልጄ በሳቅ ፈነዳች። "ቤቢ፣ አንተ ከአጎቴ ጋር ሆነህ ፎሎው አድርገን። ባባ ድራይቭ ያደርገኛል" አለችው።

ስንወጣ በመስታወት አየኋቸው፤ ሙሽራው ቀይዋ ውስጥ ወገቡን ይዟል፣ አጎቷ ጥሩምባውን ያንባርቃል። መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ "መኪናዬ ቀርፋፋ አይደለችም" እያልኩ ስከራከር የከረምኩት ሰውዬ፣ ልጄን ጎኔ አስቀምጬ ቤተክርስቲያን እስክንደርስ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣሁም።