የዋኘው ገመድ የተበጠሰበት ፊልም

አዛለች ለውዝ ስትቆላ እጇን ማየት ደስ ይለኛል። ብረት ምጣዱ ላይ አሸዋ ታግላለች፤ አሸዋው ሲግል ለውዙን ከነቅርፊቱ ትጨምርበታለች። ቀኝ እጇ በእንጨት ማንኪያ ያለ እረፍት ያማስላል። ግራ እጇ ከጭኗ ላይ የደብተር ወረቀት እያነሳ እንደ ቀንድ አሹሎ ይጠቀልላል። አንዱ እጇ ሌላው የሚሠራውን አያይም፣ እሷም ሁለቱንም አታያቸውም። እኔ አጠገቧ እቀመጥና ጥቅሎቹን እየፈታሁ አነባለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ የተጻፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም።

«እትዬ አሰበች፣ የሰው ልጅ የሒሳብ ፈተና ምን ያደርግልዎታል?» ትለኛለች።

«ዐሥር ከሃያ ነው ያገኘው። አሳዘነኝ።»

«ይጠቅልሉት። ለውዙ ውጤት አይጠይቅም።»

ቤቷ መተማ ዮሐንስ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ጀርባ ነው። ከፊቱ ራኩባ አላት። ራኩባ የምንለው በሣር የተከደነ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ነው፤ በእኛ ሙቀት ቀን ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የለም። ከሥሩ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት የገመድ አልጋና ብዙ አግዳሚ አለ። በሰሊጥ አጨዳ ወራት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከየእርሻው ካምፕ የመጡ የቀን ሠራተኞች ይሞሉታል። ከጎጃም የመጣ አለ፣ ከወሎ የመጣ አለ፣ የእኛው የጎንደር ሰውም አለ። ኳስ ካለ ኳስ ያያሉ። ኳስ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ ደግሞ አዛለችን «እማዬ፣ ፊልም ይንገሩን» ይሏታል።

እሷም ትነግራቸዋለች። የምትነግራቸው የሰማይ ፊልም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዛለች ሕፃን ሳለች አባቷ አገር ሲታመስ ይዟት ወደ ሱዳን ወጣ፤ ገዳሪፍ ከተማ ተቀመጡ። እዚያ ጣራ የሌለው ሲኒማ ቤት ነበር። አንዱ ግንብ በኖራ ተቀብቶ ፊልሙ በሱ ላይ ይታያል፤ ከግንቡ በላይ እውነተኛው ሰማይ ከነኮከቡ አለ። በዚያ ዘመን ፈረንጆቹ ጨረቃን ረግጠው ከተመለሱ ገና ጥቂት ዓመት ስለሆነ፣ የሚመጡት ፊልሞች ብዙዎቹ የመንኮራኩር ነበሩ። ኮከብ ከኮከብ ይጋጫል፣ መንኮራኩር ይቃጠላል፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ኮምፒውተር አብዶ ሰው አላስወጣም ይላል። ወንዶቹ ሁሉ ከጆሯቸው አልፎ የወረደ ሪዝ አላቸው፤ ሱሪያቸው ከታች እንደ መጥረጊያ የሰፋ ነው። አዛለች ለውዝ በትሪ ተሸክማ በነፃ ትገባለች። አንዱ ፊልም ዐሥር ቀን ከታየ ዐሥር ቀን ታየዋለች።

ግን ለውዝ ሻጮቹ ልጆች አንድ ልማድ ነበራቸው። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ተነሥተው ይወጡና በር ላይ ይቆማሉ፤ ቀድሞ ያልቆመ ወጪውን ሰው አያገኝም። እናም አዛለች ያን ሁሉ ፊልም አይታ፣ የአንዱን እንኳ መጨረሻ አላየችም። በር ላይ ሆና የሚወጣውን «ምን ሆኑ? ዳኑ?» ትለዋለች። እሱ ለውዙን ተቀብሎ ያልፋል።

አድጋ፣ አግብታ፣ ወደ መተማ ከተመለሰች በኋላ መጨረሻውን ራሷ ጨመረችበት። የፈረንጆቹ ስም ምላሷ ላይ አልያዝ ስላለ በጎረቤት ስም ጠራቻቸው። ከሁሉ የሚወደደው ፊልሟ የመካኒኩ ነው። የመንኮራኩሩን ካፒቴን ደረበ አለችው፤ ደረበ ጎረቤታችን ነው፣ ትራክተር ይነዳል። ሐኪሟን ሔለን አለቻት። ፂም ያለውን ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ ዋኘው።

አንድ ለውዝ ታነሣለች። «ይኼ መንኮራኩሩ ነው። ውስጡ ሰዎች አሉ። ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ አየሩ ይወጣል፤ አየሩ ከወጣ አለቀላቸው።» ከሰማይ የተወረወረ ድንጋይ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ዋኘው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ መፍቻውን ይዞ፣ ሊጠግን ወደ ውጭ ይወጣል። ይጠግናል። ሊገባ ሲል ገመዱ ይበጠሳል። መንኮራኩሩም በዚያው ቅጽበት ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል።

አዛለች በልጅነቷ ትሪዋን አንሥታ የምትወጣው እዚህ ላይ ነበር። የቀረው የራሷ ነው። ሔለን በመስኮት አየችው። «ደረበ፣ መልሰው!» አለች። ደረበ «ነዳጅ አይበቃም» አለ። «አይብቃ!» አለችው። አዞረው። ረጅም ዘንግ አውጥተው፣ ጉድጓድ የገባ ባልዲ እንደሚወጣ፣ ዋኘውን ከቀበቶው ጠልፈው አስገቡት። ደረበ «ማን ብቻህን ውጣ አለህ?» ብሎ ተቆጣው፤ ከዚያ ሻይ ሰጡት። አዛለች ይህን ስትጨርስ መንኮራኩሩን ፈልፍላ ትበላዋለች።

ሠራተኞቹ ለምን እንደሚወዱት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። እነዚህ ልጆች ከቤታቸው ርቀው፣ ሰው በማያውቃቸው እርሻ ላይ ነው የሚከርሙት። ከመካከላቸው ቢያድግልኝ የሚባል የጎጃም ልጅ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ከአብደራፊ ወዲያ ባለ ካምፕ ወባ ጣለው። ሥራው አልቆ መኪና ሲመጣ ጓደኞቹ ተንጋግተው ተጫኑ፤ እሱ ከዳር ባለች ጎጆ ውስጥ ያቃስት ነበር። መንገድ ከጀመሩ ወዲያ አንዱ «ዋኘውን ትተነው መጣን» አለ። ማንም ዋኘው ማን ነው አላለም። የመኪናውን ጣራ ደብድበው አስቆሙ፤ ሾፌሩ እየተሳደበ አዞረ። ቢያድግልኝን አምጥተው አዛለች ራኩባ ሥር አስተኙት። ጤና ጣቢያ አሳክመነው፣ አጥሚት እያጠጣነው ሰነበተ። አሁን በየዓመቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሳለመው እኛን ነው።

ባለፈው ዓመት ሳጂድ መጣ። ሳጂድ ስልሳ ዓመት ያለፈው የገዳሪፍ ሰው ነው፤ አገሩ ጦርነት ሲገባ በእግሩ ተሻግሮ፣ አሁን መተማ ስልክ ይጠግናል። አዛለች ለውዝ ሊገዛ ሲመጣ ያዘችው።

«ከገዳሪፍ ከሆንክ ሲኒማ ቤቱን ታውቀዋለህ?»

«ግንቡን ዘልዬ ነበር የምገባው።»

«እንግዲያው የኔን ለውዝ በልተሃል።»

«አሸዋ የነበረበት ከሆነ አዎ፣ በልቻለሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጅ ሆኑ። ስለ መካኒኩ ፊልም ስትነግረው ዓይኑ በራ። «አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ...» ሲል አፉን በእጇ ያዘችው።

«እንዳትነግረኝ። በዓይኔ ነው የማየው። አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ ልጨርስ።»

ሳጂድ ስሙን ስለማያስታውስ ፊልሙን በስልኩ ሲፈልግ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። «ፂም ያለው ሽማግሌ፣ መፍቻ የያዘ፣ ሰማይ ላይ» ብሎ ሲጽፍ ስንት ነገር እንደመጣለት አትጠይቁኝ። በጥቅምት አጋማሽ ግን አገኘው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ፣ እስኪደርቅ የሚጠበቅበት ሰሞን ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ ከተማ ነው። እሑድ ከሰዓት ራኩባው ሞልቶ ሰው እስከ ባጃጆቹ ድረስ ቆመ። አዛለች ለመቀመጥ ብላ ለውዙን ከጠዋት ቆልታ ጨርሳ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ከፊት ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ሆንሁ።

ሳጂድ ከሥር የሚያልፈውን ዐረብኛ እያነበበ በአማርኛ ይነግረናል። ምን ያህል እንደሳቅን! ካፒቴኑ ሲታይ ሰዉ ሁሉ ወደ ጎረቤታችን ወደ ደረበ ዞረ። ካፒቴኑ ጠጉሩ ጎፈሬ፣ ሪዙ እስከ አገጩ ነው። «ደረበ፣ መላጣህን የት ደብቀኸው ነው?» አሉት። ድንጋዩ መንኮራኩሩን ሲመታ «ደረበ፣ ፍሬን!» ብለው ጮኹ። አንዱ ትራክተር ጠጋኝ ሽማግሌው የያዘውን መፍቻ አይቶ «በዚያ መፍቻ ያ ብሎን አይፈታም» ብሎ ተከራከረ። አዛለች ገና ያልመጣውን እየቀደመች «አሁን ቀዩ መብራት ይበራል፣ አሁን ሔለን ትሮጣለች» ትላለች፤ አንድም አልሳተችም። ፊቷ የዐሥር ዓመት ልጅ ፊት ሆኗል።

ሽማግሌው ገመዱን ታጥቆ ወጣ። ጠገነ። ገመዱ ተበጠሰ። ይኼኔ አዛለች ተነሣች። እጇ ትሪ ይፈልጋል።

«ወዴት ነው?» አልኋት።

ቆማ አየችኝ። ለምን እንደተነሣች አላወቀችም። ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኋት።

ገመዱ ተበጠሰ። መንኮራኩሩ ሄደ። ሽማግሌው እያነሰ፣ እያነሰ፣ በራዲዮ አንድ ነገር ተናገረ። ሳጂድ ዝግ ባለ ድምፅ «ሂዱ፣ አትመልከቱኝ ይላቸዋል» አለ። ሐኪሟ አለቀሰች። ካፒቴኑ አላዞረም። ሽማግሌው ከከዋክብቱ አንዱን አክሎ ጠፋ፤ በጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

«አለቀ?» አለ አንዱ።

«አለቀ» አለ ሳጂድ።

«ይመለሳሉ እንጂ።»

«የለም፣ አለቀ።»

«ሳጂድ፣ ቆርጠኸዋል!»

ራኩባው ተተራመሰ። ፈረንጆቹ ተሳስተዋል ያለ አለ፤ ክፍል ሁለት ይምጣ ያለ አለ። ደረበ «እኔ ብሆን አዞር ነበር» እያለ ለየሰዉ ማስረዳት ያዘ። አዛለች ተነሥታ ቤቷ ገባች።

ሳምንቱን ሙሉ ለውዝ ስትቆላ ሰነበተች። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ሠላሳ ዓመት ለነዚህ ልጆች ስዋሽ ኖሬ» አለች። «መውደቅ መቅረት የሆነበት ቦታ የሚሄዱትን፣ ይመለሱላችኋል እያልሁ።» ሳጂድ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ለውዝ ገዝቶ፣ ሳይበላው ተመለሰ። «ያ ሐጃ፣ ባላመጣው ይሻል ነበር» አለኝ። ሐጅ ሄጄ እንደማላውቅ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አላረምሁትም።

በሚቀጥለው እሑድ መብራት ጠፋ። ሠራተኞቹ «እማዬ፣ ይንገሩን» አሏት።

«አይታችሁት የለ እንዴ? በቃ፣ ያ ነው» አለች፤ ማማሰሏን ቀጠለች።

ቢያድግልኝ በፊተኛው እሑድ እርሻ ላይ ተረኛ ጠባቂ ሆኖ ስለዋለ ፊልሙን አላየም። የሆነውን ነግረውታል። ተነሥቶ መሐል ቆመ።

«እሺ፣ እኔ ልንገራችሁ» አለ። «አንድ ዋኘው የሚባል መካኒክ ነበር። እግሩን በገመድ አሰሩትና...»

«ወገቡን» አለች አዛለች ከምጣዱ ሳትነሣ።

«ወገቡን። መዶሻውን ይዞ ወጣና...»

«መፍቻ ነው። በመዶሻ ሊያፈርሰው ነው እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ቢያድግልኝ ገመዱ እስኪበጠስ ድረስ እንደምንም አደረሰው፤ ከዚያ ወደሷ ዞረ። «እማዬ፣ ከዚህ በኋላ ፈረንጆቹ ምን እንዳደረጉ አላየሁም። እኔን ግን ተመልሰው ወስደውኛል። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያጠጡኝ?»

አዛለች ማንኪያውን አስቀመጠች። ምጣዱ እሳት ላይ ሳለ ቀኝ እጇ ሥራ ፈትቶ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ለውዝ አነሣች።

«ፊልሙ ላይ ትተውት ሄደዋል» አለች። «አይተነዋል፣ አልዋሽም። ጽሑፉ ሲወጣም አይተናል። ግን ጽሑፉ ሲወጣ ካሜራ የያዘው ሰውዬ መሣሪያውን ዘግቶ፣ እራቱ ደርሶበት ሄደ። እነሱ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያስተዋለችው ሔለን ናት...»

ሳጂድ መጨረሻውን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል። ከአግዳሚው ጫፍ ተጠግቶ «እሺ፣ ከዚያስ?» አላት። ነዳጁ አይበቃም ሲባል ደረበ ከኋላ «አይብቃ!» ብሎ ጮኸ። ዋኘው በቀበቶው ተጠልፎ ሲገባ ባጃጅ የሚጠብቁት ሁሉ አጨበጨቡ።

ከዚያ ወዲህ አዛለች ሌላ ፊልም ትፈልጋለች። የገዳሪፎቹን ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። እናንተ የምታነቡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሰማይም ይሁን በባሕር፣ ሰው ጥለው የሄዱበት ፊልም አይታችሁ ከሆነ፣ እስኪጥሉት ድረስ ያለውን ብቻ ጻፉልኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ፊደሉን ተለቅ አድርጉት። ከጎንደር ወደ መተማ ለሚመጣ ሾፌር «ለአዛለች፣ ለለውዝ ሻጯ» ብላችሁ ብትሰጡት ይደርሳል። እኔ አነብላታለሁ። የቀረውን ለእሷ ተዉላት።