ፀሐይ ያላየ እርግዝና

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት ጣሊያን ደሴ በገባ በዓመቱ ነው። ቤታችን መንገድ ዳር ስለነበር ወታደሩ ጠዋት ማታ በደጃችን ያልፋል። አማቼ ማርገዜን እንዳወቁ ደጅ መውጣት ከለከሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። ውኃ ልትቀዳ የወጣች ጎረቤታችንን ወታደሮች ጎትተው ሲወስዷት በዓይናቸው አይተዋል።

«እማማ፣ ትንሽ ልናፈስ» ስላቸው፣

«ወላሂ አትወጪም! የልጄን አደራ ይዘሽ የት ትሄጃለሽ?» ይሉኝ ነበር።

ባሌ ኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ እየፈለጠ፣ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። እኔ መስኮት በሌለው ጓዳ ጥጥ ስፈትል ከረምኩ። ወተትና ቅቤ ከገበያ ስለጠፋ የምበላው ቂጣ በሽሮ ነው። ሆዴ ሲገፋ ወገቤንና ጭኔን ይቆረጥመኝ ጀመር፤ ግድግዳ ካልያዝኩ አልነሣም።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ምች እንዳይመታት ተብሎ እሷም ከእኔ ጋር እዚያው ጓዳ ተቀመጠች። እርግብግቢቷ አልገጥም አለ፤ ጥርሷ ዘገየ፤ ስትተኛ አናቷን ላብ ያጠምቀዋል። ዘግይታም ቢሆን ስትቆም፣ እግሮቿ ከጉልበቷ በታች እንደ ቀስት ጎበጡ። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ ሲያስራት ጩኸቷ ሰፈሩን ሞላው። እግሯ ግን እንደዚያው ነው።

በዚያው ሰሞን እህቴ ከሐርቡ ልጇን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። አብረን ነበር ያረገዝነው። እሷ እስከ መውለጃዋ ማሽላ ስታርም የከረመች ናት። ልጇ ግቢውን ሲሮጥበት የእኔዋ ደፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አልቀናሁም፤ ለመቅናትም አቅም ይጠይቃል። ብቻ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ባሌ የእግሯን ነገር ሲሰማ፣ «ኮምቦልቻ የሠራተኛ ቤተሰብ የሚያይ ሐኪም አለ፤ ይዘሻት ነይ» ብሎ ላከብኝ። ለሐኪም ነው ብል አማቼም አልከለከሉኝም፤ አዝያት ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጣሊያኑ ሐኪም እግሯን፣ ደረቷን፣ የእጇን አንጓ ዳሰሰና እኔን ይጠይቀኝ ገባ። አስተርጓሚው የሰፈራችን ሰው ነው።

«ስታረግዣት ፀሐይ ትሞቂ ነበር?»

«በማን አገር! ቤት ተዘግቶብኝ ነበር።»

«አጥንት የሚያጠነክር ቪታሚን የሚሉት ነገር አለ። ሰውነት ከፀሐይ ያገኘዋል። አንቺ ሳይኖርሽ ለእሷ ከየት ይምጣ? የወገብሽም ሕመም ከዚያው ነው ይላል።»

«ጡቴን እኮ በደንብ ጠብታለች!»

«ወተትሽም ያንኑ ያጣ ነው» አለኝ አስተርጓሚው፣ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያ ወዲያ ደሴ አልተመለስኩም። ኮምቦልቻ ጎጆ ተከራየን። ጠዋት ጠዋት ልብሷን አውልቄ ፀሐይ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ሐኪሙ የሰጠኝን የዓሣ ጉበት ዘይት አፍንጫዋን ይዤ አጠጣታለሁ። ግማሹን ትተፋብኛለች፤ ሽታው ከነጠላዬ አይለቅም። ሁለተኛውን ሳረግዝ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አማቼ ሊጠይቁን ወርደው እንዲያ ሲያዩን ጮኹ።

«ያረቢ! ነፍሰ ጡር ሆነሽ ምች ልታስመቺ ነው?»

«እማማ፣ ሐኪሙ ነው ያዘዘኝ» አልኩና የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው።

ጎንበስ አሉ። ከዚያ የልጅቷን እግር ሲዳስሱ ቆዩና፣ «እኔ እኮ የፈራሁት ወታደሩን ነበር» አሉ። እኔም አልወቀስኳቸውም። ቁጭ ይበሉ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸው።

ወንዱ ልጅ በጊዜው ቆመ፤ በጊዜው ሄደ። የሷም እግር እያደር ተቃና፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ስትራመድ ወደ ጎን ትወዛወዛለች። ሰው «አልሐምዱሊላህ በይ፣ ቆማ ሄደችልሽ» ይለኛል። እላለሁ። ብዬም እንደገና አዝያት ገበያ እሄዳለሁ፣ ዳገት ላይ ቶሎ ይደክማታልና።