ከዝይዋ ኋላ ያለው ልጅ

ለሱሉልታው ፎቶ አንሺ ለውብአየሁ ጉርድ ፎቶ እንጀራው፣ ሜዳው ግን ነፍሱ ነበር። በየክረምቱ ውሃ በተኛበት መስክ በደረቱ ተኝቶ አእዋፍ ያነሳል። አሳድጎ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለው የአንዲት ዝይ ፎቶ ኩራቱ ነው፤ ከኋላዋ አንድ ጎረምሳ ለቡሄ ጅራፍ ያጮኻል።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ሲነሳ ጎረምሳው ሰልፍ ወጥቶ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በሠልስቱ ማግስት አባቱ ኦቦ ቱፋ ፎቶ ቤት መጡ።

"ሌላ ፎቶ የለውም። ወፏን አውጣልኝና ልጄን ስጠኝ" አሉ።

ውብአየሁ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ባሳደገው ቁጥር የልጁ ፊት ጭጋግ ሆነ። ዝይዋ ጎልታ እንድትታይ ብሎ ኋላውን ያደበዘዘው ራሱ ነበር።

"ምነው ውብአየሁ" አሉ ሽማግሌው፣ "የወፏን ላባ እኮ አንድ በአንድ አይተኸዋል።"