የአቦቦ ኔትወርክ

ጋምቤላ መሃል በምሠራበት ኢንተርኔት ቤት የሁሉም ሰው መስመር፣ የእኔ ስልክም ጭምር፣ የሚያልፈው አንድ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ሶፍትዌር ነው። ተራ የሚጠብቀው ዳታ ሜሞሪውን እየሞላ ማሽኑ ስታክ ሲያደርግብኝ ተናደድኩና የመጠበቂያውን ቦታ በጣም አሳነስኩት። ከዚያ በላይ የመጣው ይጣላል። ስታክ ማድረጉ ቀረ፤ ኮራሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ታሞ የተኛው አባቴ ከአቦቦ ከተማ በኢንተርኔት ደወለልኝ። ድምፁ ይቆራረጣል።

«ልጄ... አንድ ነገር... ልንገ...»

«አባዬ፣ የእናንተ ኔትወርክ ደግሞ አይረባም! ነገ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁበት።

ሲነጋ መርዶው ቀደመኝ።

ከለቅሶ ስመለስ ማሽኑ የጣለውን መዝግቦ አገኘሁት። አባቴ በደወለበት ሰዓት ብዙ ዳታ ተጥሏል። የአቦቦ ኔትወርክ ምንም አልሆነም ነበር።

የመጠበቂያውን ቦታ መልሼ አሰፋሁት። አሁን የሰው ሁሉ ጥሪ ጥርት ብሎ ይሰማል።