ኢና ቤኔ የምትዘለው ጸሎት

በቤተክርስቲያን «አባታችን ሆይ» ሲባል የኢና ቤኔ፣ በመንደሩ አጠራር የእናት ቤኔ፣ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። «በደላችንን ይቅር በለን» እስኪደርስ ነው ታዲያ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ሲባል ጥርሷን ግጥም ታደርጋለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ነው። እግዚአብሔርን ፊት ለፊት አልዋሽም ትላለች። ጎሪስን ይቅር ልትል? መሬት ይብላውና!

ጎሪስ ጦር ወርዋሪ ነው። በሌምባታ ደሴት ደቡብ ዳርቻ፣ ከድንጋይ በቀር በማይበቅልበት በዚህ መንደር፣ ሰው የሚኖረው ዓሣ ነባሪ ወግቶ፣ ሥጋውን አድርቆ፣ ከተራራ ሰዎች ጋር በበቆሎ ለውጦ ነው። የኢና ቤኔ አንድያ ልጅ ሎረንስ በጎሪስ ጀልባ ይቀዝፍ ነበር። አንድ ቀን የተወጋው ዓሣ ነባሪ ወደ ታች ሲጠልቅ ጦሩ የታሰረበት ገመድ የሎረንስን እግር ጠልፎ ይዞት ወረደ። ገመድ መቁረጥ የጦር ወርዋሪው ሥራ ነው፤ ቢላዋው በጀልባዋ ግንባር ላይ ሰገባው ውስጥ ይቀመጣል። ጎሪስ ግን አልቆረጠም። ቀዛፊዎቹ ጎንበስ ብሎ ሲደናበር ጀርባውን ብቻ አዩ። ሲጠየቅ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

«ሥጋው አሳስቶት ነው!» አለች ኢና ቤኔ ደረቷን እየደቃች። «ልጄን በሥጋ ለወጠው!»

ከሎረንስ የቀራት አንድ ቢላዋ ነው። በሞቱ ዋዜማ ከዳርቻው ይዞት መጥቶ፣ በደነዘ ቢላዋ ሥጋ ስትዘለዝል ሲያያት «በዚህ ቁረጪ» ብሎ ሰጣት። ጠዋት በር ላይ ቆሞ «እማ፣ ቢላዋው?» አላት። «ገና አልጨረስኩም፤ ስትመለስ ትወስደዋለህ።» «እሺ በቃ፣ ዛሬ ባሕሩም ባዶ ነው» ብሎ ስቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እጀታውን ከሸሚዙ በቀደደችው ጨርቅ ጠቅልላ ሰፍታበት፣ እንደ ስዕለ አድኅኖ አልጋዋ ራስጌ ሰቅላዋለች።

የዓመቱ አደን ሳይጀመር የተጣላ ሁሉ በዳርቻው ይታረቃል። በዳይ ይንበረከካል፤ ተበዳይ በኮኮናት ቅርፊት የተቀዳ ውኃ አናቱ ላይ ያፈስለታል። ቂም የተሳፈረባት ጀልባ ባዶዋን ትመለሳለች ይባላል። ኢና ቤኔ ይህን ታውቃለች፤ ለዚህም ነው ወደ ዳርቻው ሳትወርድ ውኃውን የከለከለችው። የጎሪስ ጀልባ ባዶዋን በተመለሰች ቁጥር «እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ትላለች።

ባሏ ከጎሪስ ጋር የሚቀዝፈው ጎረቤቷ ሮፊና አንድ ቀን መጣችባት። «ኢና፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው እኮ! ልጆቻችን በቆሎ አጡ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ባልሽ ከነፍሰ ገዳይ ጀልባ ይውረዳ!»

ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ ቆረጡ፦ አሁንም እምቢ ካለች ጎሪስ ዳግመኛ ጦር አይይዝም። ኢና ቤኔ ይህን ስትሰማ አዲሱን ሽርጧን ለበሰች። ቢላዋውን ወገቧ ላይ ሻጠች።

ጎሪስ ጀልባዋ ፊት ተንበርክኮ ነበር። ቄሱ አባ ቪንሰንስ ውኃውን አቀበሏትና «እህ ቤኔ፣ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«ይቅርታ ነው የፈለግከው?» ቢላዋውን መዝዛ ጉልበቱ ሥር ወረወረችው። «እንካ፣ የልጄን ቢላዋ አመጣሁልህ! ገመዱን አሁን ቁረጠው!»

ቢላዋው ከድንጋይ ሲጋጭ ያረጀው ክር ተበጠሰና ጨርቁ ተፈታ። እጀታው ላይ በእሳት የተተኮሱ፣ ጅራታቸው የተቆላለፈ ሁለት ዓሣዎች ነበሩ። ጎሪስ ቶሎ ብሎ በመዳፉ ሸፈናቸው።

«ኢና፣» አላት በሹክሹክታ፣ «ጨርቁን ይመልሱበት። ሰው አላየም።»

ኢና ቤኔ ቀና አለች። ከጎሪስ ጀርባ፣ በጀልባዋ ግንባር ላይ፣ እነዚያው ሁለት ዓሣዎች ተስለዋል። የተራራ ልጅ ናት፤ ሴት ደግሞ ለዕርቅ ካልሆነ ጀልባ አጠገብ አትደርስም። ጀልባዋ ላይ አይታቸው አታውቅም ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«እጄን ስሰድ ሰገባው ባዶ ነበር። ሎረንስ በሞረድ ሊስለው ወስዶት እንደነበር አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ልጅዎን አጥተዋል። ይህን ደግሞ ልጨምርብዎ?»

ማመስገን ነበረባት። ንዴት ግን ቀደማት። «አንተ ውሻ!» አለች። «ሦስት ዓመት ስረግምህ ዝም ትላለህ?» ጆሮዋ ላይ «ስትመለስ ትወስደዋለህ» የሚል የራሷ ድምፅ ይጮኽባት ጀመር።

ሕዝቡ ይጠብቃል። ውኃውን አፍስሳለት፣ ጨርቁን ጠቅልላ ቤቷ ብትገባ ማንም አያውቅም። እምቢ ብትልም ጎሪስ አልቆለታል፤ አሁንም አፉን እንደማይከፍት አውቃለች።

እጁን ከቢላዋው ላይ መንጭቃ አነሳችና ቢላዋውን ለሁሉም ከፍ አድርጋ አሳየች። «የጀልባዋ ቢላዋ እኔ ቤት ነበር! ልጄ በር ላይ ቆሞ ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም!»

ቢላዋውን አስቀምጣ ውኃውን ጎሪስ እጅ ላይ አኖረችና ድንጋዩ ላይ ተንበረከከች።

«አፍስስ» አለችው። «ምን ይገትርሃል?»

ጎሪስ ውኃውን አናቷ ላይ አፈሰሰላት። አባ ቪንሰንስ ጸሎቱን ጀመሩ። ሕዝቡ «በደላችንን ይቅር በለን» ብሎ አለፈ፤ ኢና ቤኔ ግን እዚያው ቃል ላይ ቀረች፤ ደግማ ደጋግማ አለችው። ጎሪስ ባዶውን ቅርፊት ይዞ እስክትጨርስ ጠበቃት።