ከመድረኩ በኩል ያለው ወንበር

በሰሜን ጃፓን በባሕሩ ጠርዝ የሚሄደው የሽርሽር ባቡራችን ማስታወቂያ «ባሕሩ እንባ ያብሳል» ይላል። እኔ የማውቀው ባሕር ዓሣ አጥማጅ ሲውጥ ነው። ትናንት በትኬት መስኮቱ ከፊቴ የቆመው ሽማግሌ ግን ሰው ሁሉ የሚሻማበትን የባሕሩን ወገን ትቶ ተሳፋሪ በሚወርድበት በጣቢያዎቹ መድረክ በኩል ያለውን ወንበር ጠየቀ። ኮቱ ለሠርግ የተተኮሰ፣ ፊቱ ከቀብር የተመለሰ ይመስላል።

«አባባ፣ ግድግዳ ሊያዩ ነው እንዴ?» አለች ትኬት ሻጯ ወይዘሪት ኦሳናይ።

«መንደርተኞቹ ባቡሩን ባንዲራ እያውለበለቡ የሚቀበሉት በዚያ በኩል አይደል?»

«ነው። ደንብ ወጥቶባቸዋል፤ ቢያኮርፉም ያውለበልባሉ።»

«ሰው መርጠው አይተዉም?»

«ኧረ ለውሻም ያውለበልባሉ!»

ከኋላ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሞኝ መንገደኛ ብርቄ አይደለም። እሱ በካርታው ላይ ጣቱን እየጎተተ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ አቆመ።

«እዚህ የምታውለበልበው ልጄ ናት። በሯን ከዘጋችብኝ ቆይታለች።»

«እንግዲያስ ይውረዱ እንጂ! ባቡሩ እኮ ለጉብኝት ይቆማል።»

«አይሆንም፣ ወይዘሪት። ከወረድሁ ታውቀኛለች፤ ካወቀችኝ እጇን ታወርዳለች።»