አባቴ የነከሰው ዳቦ

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ የሚባለው መንገድ ወጥቼ፣ ከአበሻው ሱቅ ሁለት በር አለፍ ብሎ በተከፈተ አዲስ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ የማውቀውን ነገር አየሁ። ክብ፣ ዳር ዳሩ ወፈር ያለ፣ መሀሉ ደግሞ በጌጥ ተወጋግቶ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ ዳቦ። ትራሙ ሲያመልጠኝ እንኳ ልብ አላልኩም። እዚያው የእግረኛ መንገድ ላይ እንደቆምኩ ወደ ዐሥር ዓመቴ ተመለስኩ።

ያኔ ጊዜው የደርግ ነበር፤ እማዬና እኔ ጄኔቭ፣ ሜራን ውስጥ ባለ አንድ ረጅም ፎቅ ላይ ለብቻችን እንኖር ነበር። እማዬ አገሩ ሳይደፈርስ በፊት ለዓለም አቀፍ ቢሮ ሥራ መጥታ በዚያው የቀረች ሴት ናት። አባቴን ደግሞ መንግሥት የመስኖ ሥራ እንዲማር ሶቭየት ኅብረት ልኮት፣ ሳማርካንድ ከተማ የመጨረሻ ዓመቱን ይዞ ነበር። እሱ ወደ እኛ እንዲመጣ አይፈቀድለትም፤ እኛ አዲስ አበባ ብንገባ ደግሞ መውጣታችን ያጠራጥራል። ስለዚህ እማዬ የመካከለኛው እስያን አገሮች ሊጎበኙ ከሚሄዱ የስዊስ ጡረተኞች ጋር አስመዘገበችን። ለጎረቤቶቻችን የቤተሰብ ዕረፍት ነው አልናቸው። ለእማዬ ግን አባቴን አብሮን እንዲቀር የምታሳምንበት ዐሥራ ሁለት ቀን ነበር፤ እኔም ይህን አውቅ ነበር።

ከዙሪክ ተነስተን፣ በሞስኮ አድርገን፣ በመጨረሻ በአውቶቡስ ማለቂያ የሌለውን የጥጥ እርሻ አቋርጠን ደረስን። መንገድ ዳር ሐብሐብ እንደ ድንጋይ ተቆልሏል፤ በሩቁ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል፤ አየሩ የአቧራና የበሰለ ፍሬ ሽታ ነበረው። ከተማው መሀል ያሉት ሰማያዊ ጉልላቶች ብቅ ሲሉ እማዬ ከልማድ ጎንበስ ብላ አማተበች። መስጊድ መሆኑን ስነግራት «ታዲያ ምን አለበት፣ የእግዜር ቤት አይደል» ብላ አኮረፈችኝ። አባቴ ከሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሮጬ ስጠመጠምበት ሸሚዙ ትምባሆ ትምባሆ ሸተተኝ፤ ማጨስ መጀመሩን ያወቅነው ያኔ ነው።

አስጎብኚያችን ደግ ሴት ስለነበረች፣ ጡረተኞቹ ፎቶ ሲያነሱ እኛ ስንጠፋ አላየሁም ትል ነበር። የምንጠፋውም የአባቴ ጎረቤት ወደሆነችው ወደ ሙናቫር ኦፓ ቤት ነው። ኦፓ ማለት በእነሱ ቋንቋ እትዬ እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ለክብራችን በግ አሳርዳ፣ ሩዙን ከካሮትና ከሥጋው ጋር በትልቅ ድስት ሠርታ ጠበቀችን። ፕሎቭ ይሉታል። የከሙኑና የሽንኩርቱ ሽታ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ተቀበለን። ሁላችን አንድ ሳህን ከበን በእጃችን መብላት ስንጀምር፣ ሴትየዋ ሩዙን በጣቶቿ ጠቅለል አደረገችና ሥጋ ጣል አድርጋበት ወደ እማዬ አፍ ዘረጋች። ጉርሻ! እኔ እስከዚያ ቀን ጉርሻ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ ፍልሰታ ነበር። ጾሙ ባይሆንም እማዬ ሙስሊም የባረከውን ሥጋ በዕድሜዋ ቀምሳ አታውቅም። ጉርሻ መመለስ ነውር መሆኑንም ከማንም በላይ ታውቃለች። አፏን ገጥማ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቀረች። አባቴ በሩሲያኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሙናቫር ኦፓ እጇን መለሰችና፣ ትቀየማለች ብለን ስንጠብቅ የእማዬን ግንባር ሳመች። «እኔም በረመዳን እጾማለሁ» አለቻት በአባቴ አስተርጓሚነት፣ በሹክሹክታ። «ለሰፈሩ ካድሬ ግን ጨጓራዬን ያመኛል ነው የምለው።» እማዬ ከት ብላ ሳቀች። አባቴ ሥጋውን ሲያነሳ ግን ሳቋን አቋርጣ ግቢው ውስጥ ወዳለው ዛፍ ማየት ጀመረች። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነውና እኔም እየጾምኩ ነበር፤ ይሁንና እማዬ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ሁለት ጉርሻ ውጬአለሁ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ዓይኗ ተሽሏት ይህን ካነበበች ታውቃለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙናቫር ኦፓ ለእማዬ የምታቀርበው ዳቦ፣ ወይን፣ ሐብሐብና አረንጓዴ ሻይ ሆነ። ያ የሚያብረቀርቅ ዳቦ ከምድጃው ትኩሱን ሲወጣ ሽታው ብቻ ያጠግባል። አንዱ ግን አይነካም ነበር። ግድግዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ዳሩ ላይ የጥርስ ምልክት አለበት። የልጇ ነው። ወታደር ሆኖ አፍጋኒስታን ሲሄድ በር ላይ አስነክሳው፣ የቀረውን ሰቀለችው። በእነሱ ዘንድ መንገደኛ ዳቦ ነክሶ ይሄዳል፤ የተረፈው የሱ ስለሆነ ተመልሶ መብላት አለበት። ቤት ስትጠርግ ያንን ዳቦ ቀና ብላ ሳታይ አታልፍም ነበር።

በዐሥረኛው ቀን፣ ከወይኑ ሐረግ ጥላ ሥር የተኛሁ መስሏቸው እማዬና አባቴ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«በበርሊን በኩል ወደ ምዕራብ ስንቱ ተማሪ ወጣ አይደል» አለች እማዬ። «አንተም ና። ልጅህ ሳታያት እኮ አደገች።»

«ዋስ ሆኖ የፈረመልኝ ታደሰ ነው» አለ አባቴ። ታደሰ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ አጎቴ። «እኔ ቀርቼ፣ እሱን ከልጆቹ መሀል ሲወስዱት ጄኔቭ ቁጭ ብዬ ልስማ?»

«አትስማ» አለች እማዬ። «ሂድ።»

በዚያች ሰዓት ሁለቱንም ጠላኋቸው። አሁን ሳስበው ግን እንደዚያን ቀን የተዋደዱበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

በመሰነባበቻው ምሳ ላይ ሙናቫር ኦፓ አባቴም በመስከረም ወደ አገሩ እንደሚገባ ስታውቅ፣ አዲስ ዳቦ አምጥታ አስነከሰችውና ከልጇ ዳቦ ጎን ሰቀለችው። እኔ ደግሞ ነገሩን በዐሥር ዓመት ጭንቅላቴ አሰላሁት። ሰው ዳቦው ያለበት የሚመለስ ከሆነ አባቴ የሚመለሰው ሳማርካንድ ነው። ታዲያ ሜራንስ? ትልልቆቹ በር ላይ ሲሳሳሙ በርጩማ ላይ ወጣሁ። የአባቴ የፊት ጥርስ ሸራፋ ስለነበረ ንክሻው መሀል ላይ ክፍተት ነበረው፤ እሱን አረጋግጬ አወረድኩት። የወታደሩን ዳቦ አልነካሁም። ሹራቤ ውስጥ ወሽቄው፣ እስከ አውቶቡሱ ሆዴን ይዤ ሄድኩ።

ሞስኮ ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፈተና ዳቦውን አወጣው። እማዬ ያየችው ያኔ ነው። ሰውዬው ንክሻውን አየ፣ እኔን አየ፣ በሁለት እጁ መልሶ ሹራቤ ውስጥ ጠቀለለው። እማዬ አልተቆጣችም። ሜራን በገባን ማግስት፣ እሑድ ቀን፣ መዶሻ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። በስዊስ አገር እሑድ መዶሻ ማንሳት ጉድ ነው፤ እሷ ደግሞ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የምትፈራው ሬዢውን፣ ቤቱን የሚያከራየንን ቢሮ ነበር። ከታች ያሉት ሰዎች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ደበደቡ። እማዬ ሁለት ጊዜ ጨምራ መታችና ዳቦውን በነጭ ከረጢት አድርጋ ሰቀለችው።

ስምንት ዓመት እዚያው ተሰቅሎ ቆየ። የአባቴ ደብዳቤዎች ተከፍተው፣ ዳግም ታሽገው ይመጡ ነበር። ሥርዓቱ ወድቆ፣ ወረቀቱ ተሟልቶ እሱ ራሱ ሲመጣ እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከስቷል፣ ሸብቷል፣ ሸራፋው ጥርስም ወልቋል። እማዬ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ከረጢቱን አወረደችለት። ንክሻውን ሲያይ አወቀው። ሙናቫር ኦፓ ባዶውን ሚስማር ስታይ «ሌባዋን አውቃታለሁ፣ እጇ ይባረክ» ብላ ስቃ፣ ሌላ ዳቦ እንዳስነከሰችው ነገረን። ልጇም ከጦርነቱ ተመልሶ የራሱን እንደበላ ነገረን። ከዚያ አባቴ እንደ ድንጋይ የደረቀውን ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረ ፍርፋሪ ሳያስቀር በላው። እኔም እማዬም ፊት ለፊቱ ተቀምጠን አለቀስን።

ዐሥራ አንድ ዓመት አብሮን ኖረ። አንድ ጠዋት ለትንሽ ምርመራ ብሎ ሆስፒታል ሄደ። አውቶቡሱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ለምሳ እመለሳለሁ ብሎናል። ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያስነከሰው ሰው ግን አልነበረም፤ ለሩብ ሰዓት መንገድ ማን ያስባል?

አልተመለሰም።

ዛሬ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው። ልጄ ከዓለም ዳር ሆና በስልክ ፊቷን ታሳየኛለች፤ እኔም ከጄኔቭ ዙሪክ ከሦስት ሰዓት በታች እገባለሁ። ያኔ ሩቅ ስለነበርን እንሳሳ ነበር፤ አሁን ቅርበቱ ያዘናጋል። እማዬ ብቻ ናት ያልተዘናጋችው። ሰማንያ አልፏታል፤ ሜራን ጠይቄያት ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር ወዳለው ቤቴ በተመለስኩ ቁጥር በሯ ላይ የሱፐርማርኬት ዳቦ ይዛ ትቆማለች፣ እኔም ነክሼ እወጣለሁ። ልጄ በስልክ ስታየን ትስቃለች።

ሐሙስ እማዬ ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ትገባለች። ቀላል ነው ብለዋታል። የቅዳሜውን ዳቦ ገዝቼዋለሁ፤ ነገ ይዤላት እሄዳለሁ። ጥርስ የላትም ማለት ይቻላል፣ በድዷም ቢሆን ትነክሰዋለች። ሚስማሩ እዚያው አለ።